የጽዋው ልብስ

ወለተ ጊዮርጊስ የምትፈራው ሞትን አልነበረም፤ ቀባሪ ማጣትን ነበር። በሕይወት አግኝቻታለሁ፣ በክንዷም ላይ ተኝቻለሁ፤ ነገር ግን ያኔ ሦስት ዓመት ያልሞላኝ ሕፃን ስለነበርሁ ፊቷን አላስታውሰውም። ስለ እርሷ የማውቀውን የነገሩኝ እናቴ የሺአረግና የወለተ ጊዮርጊስ የአጥር ጎረቤት የነበረችው ናፊሳ ናቸው። አባቴ ስሟ ሲነሣ ባርኔጣውን አንሥቶ ይወጣል።

ባሏ ዘገዬ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። ከደጋ አብረው ወርደው ድሬ ዳዋ ውስጥ ደቻቱ በሚባለው አሸዋማ ወንዝ ዳር፣ አንድ ክፍልና ጓዳ ባላት ቤት ይኖሩ ነበር። አንድ የግንቦት ቀን ባቡሩ ከአይሻ ወዲያ በቆመበት ዘገዬ ወርዶ ጥላ ሥር እንደ ተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለ። የዚያ አገር ሙቀት ሬሳ አያሳድርም። ቄስ በሌለበት፣ ፍትሐት በሌለበት፣ በአካባቢው የነበሩ የዒሳ ግመል ጠባቂዎች ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ወለተ ጊዮርጊስ ቆይታ ሄዳ ያየችው የድንጋይ ክምር ነበር። በክምሩ ዙሪያ ጅብ እንዳይቆፍረው አንድ ሰው እሾህ አጥሮበታል። ማን እንዳጠረው ጠየቀች፤ የሚነግራት አላገኘችም።

ከዚያ ጉዞ ስትመለስ አንድ ውለታና አንድ ፍርሃት ይዛ ተመለሰች። ውለታው ስሙን የማታውቀው የዚያ እሾህ አጣሪ ነው። ፍርሃቱ የራሷ ነው። "ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፤ እኔንስ ማን አንሥቶ ከቤተ ክርስቲያን ያደርሰኛል?" ትላት ነበር ናፊሳን።

የበዓለ ወልድን ማኅበር የገባችው ስለዚህ ነው። ማኅበሩ ከደጋ መጥተው ድሬ ዳዋ የሚኖሩ አሥራ ሁለት ክርስቲያኖች ያሉበት ሲሆን፣ ሙሴው፣ ማለትም መሪው፣ የጉምሩክ ጸሐፊ የነበረው አባቴ ነጋ ነበር። ወር በገባ በሃያ ዘጠኝ ከአባላቱ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ይጸልያሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ለነዳያን ያካፍላሉ። አንዱ ሲሞት ቃሬዛውን ሌሎቹ ይሸከማሉ። በመካከላቸው የምትዞረው ጽዋ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነች። ከቤት ወደ ቤት ስትሄድ ራቁቷን አትሄድም፤ ቀይ ጥለት ያለው ወፍራም ነጭ ልብስ አላት። በበዓሉ ቀን እናቶች ለበረከት ብለው ሕፃናታቸውን በዚህ ልብስ ይጠቀልሉ ነበር።

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ደግሞ ልደት ነው። የታኅሣሥ ተራ የደረሰው ሰው የገናን ጽዋ ያወጣል፤ ያ ተራ በጣም ይፈለጋል። በ1946 ዓመተ ምሕረት የተራው ባለቤት አርፈው ስለነበር ዕጣ ተጣለ፤ ለወለተ ጊዮርጊስ ወጣ። በኅዳር በዓል ማታ ጽዋው ከነልብሱ በእልልታ ቤቷ ገባ። ጓዳ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። በጓ ከመስከረም ጀምሮ ደጅ ታስሮ ይቀለብ ነበር።

በዚያ ታኅሣሥ ከበረሃው በኩል ደረቅ ነፋስ ገባ፤ አልወጣም። የደቻቱን አሸዋ እያነሣ በየበሩ ሥር ያስገባል። ከአሸዋው ወዲያ ባሉት የቀን ሠራተኞች ሰፈር ተስቦ ገብቶ ነበር። የናፊሳ ባል አብዱላሂ ጋሪ ነጂ ነው፤ የሰው ዕቃና ከሰል መጫኑን ትቶ ጠዋት ጠዋት በሸማ የተጠቀለለ ነገር ወደ መቃብር ያመላልሳል። ፈረሱ መንገዱን ስለለመደው መምራት ቀረ። ጅቦች ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙ ውስጥ ታዩ። የሚጮህባቸው ውሻ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወለተ ጊዮርጊስ የታጠበ ልብስ አድርሳ ስትመለስ በአጥሯ ጥግ አንዲት ግመል ተንበርክካ አገኘች። በግመሏ ጥላ አንድ ሰው ተኝቷል። ዓይኑ ፍም መስሏል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ናፊሳ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። "ወለቴ! አትንኪው አቦ! ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው። ስሙን ስጠይቀው ዒሴ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል የለውም።"

"ከጠዋት ጀምሮ አይተሽው ነው?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ስድስት ልጅ አለኝ፣ ወላሂ! ውሃ በብርጭቆ ገፋሁለት። አንቺ ደግሞ የቄሶችሽ ጽዋ ቤትሽ ተቀምጧል፤ ገና መጣ እያልሽ ቤቱን በአመድ ስትፈትጊ ነው የሰነበትሽ።"

"ለማን ነው የፈተግሁት?" አለች ወለተ ጊዮርጊስ።

"እኔ ምን አውቃለሁ! የናንተን በዓል እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

ወለተ ጊዮርጊስ ቅርጫቷን አስቀምጣ በብብቱ ያዘችው። እየጎተተች አስገባችው። ናፊሳ "ሱብሃነላህ!" ብላ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አስራ ዞራ መጣችና በእግሩ በኩል ያዘች።

ወሬ ክንፍ አለው። በማግስቱ ሁለት ኩሊዎች፣ አንዱ ሌላውን ተደግፎ፣ ደጇ መጡ። ማን እንደ ላካቸው አልተናገሩም። እነርሱንም አስገባች። ጋቢዋን ለአንዱ፣ የዘገዬን ካፖርት ለሌላው አለበሰች። ጓዳ የተኛው ዒሴ ግን ብርዱ ሲይዘው አልጋው እስኪንቋቋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነጠላዋን ጣለችበት። አልበቃውም። ዙሪያዋን አየች። ቤት ውስጥ የቀረ አንድ ወፍራም ልብስ ብቻ ነው፤ እርሱም መደርደሪያው ላይ ነው።

ናፊሳ እንደ ነገረችኝ ወለተ ጊዮርጊስ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ከዚያ አማተበች። ጽዋዋን በራሷ ሻሽ ሸፈነችና ልብሱን አንሥታ ዒሴን አለበሰችው። "ጌታዬ፣ ልብስህ ነው" አለች። ለማን እንዳለች ናፊሳ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አባቴ፣ የማኅበሩ ቄስና ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል የማኅበሩ አባል መጡ። የእግራቸውን ድምፅ ስትሰማ ወለተ ጊዮርጊስ ሮጣ ልብሱን ከዒሴ ላይ አንሥታ ጽዋው ላይ መለሰችው። ዒሴ ላቡ ወጥቶ ተኝቶ ነበር። እንግዶቹ ከደጁ አላለፉም።

"እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ፣" አለ አባቴ፣ "የሰማነው እውነት ነው? ሕመምተኛ አስተኝተሻል?"

"እውነት ነው፣ አቶ ነጋ።"

"ተስቦ ነው?"

"ይመስላል።"

ትርንጎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። "እኛ የጌታን ልደት ልናከብር ነው እንጂ ቀብራችንን ልንደግስ አይደለም! ከሰው ሁሉ ደግሞ እስላም! ነዳያን ጠፍተው ነው የኛ እናት?"

"ደጄ የወደቀው እርሱ ነው፣ እትዬ ትርንጎ። ሌላ እስኪወድቅ ልጠብቅ?"

"ተሳለቂ! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሏልና እኔም አልቆጣም። ግን እዚህ ቤት እህል አልቀምስም።"

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ውስጥ ሚስትና ሕፃን ያለው፣ የፈራ ሰው ነበር። "ማኅበሩ እንዲህ ብሏል። ሕመምተኞቹን አውጥተሽ ቤቱን ካጸዳሽ ተራው ያንቺ ነው። አለዚያ ጽዋው ወደ እኔ ቤት ይሄዳል። አንቺም... ማኅበሩ ተነጋግሮ እስኪወስን ድረስ ትቆዪያለሽ።"

"እቆያለሁ ማለት፣ ብሞትስ?"

 ቄሱ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ነፋሱ የበጉን ገመድ ከግንዱ ላይ ያፋጨዋል።

"ጌታም የተወለደው ቦታ የለም ተብሎ ነው" አለች ቀስ ብላ። "እነርሱን አላስወጣም። ጽዋውን ውሰዱ።" ገብታ ጽዋዋን አቅፋ ደጁ ላይ ደረሰችና ቆመች። "ግን ልብሱን ላፍላው። አንድ ቀን ብቻ ስጡኝ። አፍልቼ አድርቄ ራሴ አመጣዋለሁ።"

"ጽዋ ያለ ልብስ ከደጅ አይወጣም" አለች ትርንጎ። "ምክንያት ፈልጋ ልታስቀረው ነው።"

"በሌላ ነጠላ ሸፍናችሁ..."

"ለምንድን ነው የሚፈላው?" አለ አባቴ።

እውነቱን መናገር የነበረባት እዚህ ላይ ነው። ናፊሳ አጥሩ ሥር ሆና ትሰማ ነበርና "በይ ተናገሪ፣ በይ ተናገሪ እላለሁ በሆዴ" ትለኛለች። ነገር ግን የጽዋውን ልብስ ለታመመ እስላም አለበስሁ ብትል ማኅበሩ ለዘላለም ይለያታል። ያ የድንጋይ ክምር ዓይኗ ላይ መጣ።

"አቧራ ነክቶታል" አለች።

"አቧራማ ድሬ ዳዋን ሁሉ ነክቷል" አለ አባቴና ጽዋውን ከነልብሱ ተቀብሏት ሄደ።

ለልደት ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሴቶቹ በቆመችበት በኩል ቀስ በቀስ ቦታ ለቀቁላት፤ በሰው በተሞላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻዋን ቆመች። ማኅሌቱ ሲደምቅ እርሷ የምታየው ቀይ ጥለቱን ነበር። በማን ትከሻ ላይ ይሆን? በማን ጉልበት?

ሲነጋ ወደ ቤቷ ተመልሳ አብዱላሂን ጠራች። "በጉን እረድልኝ።"

"እኔ?" አለ አብዱላሂ። "እኔ ካረድሁት አንቺ አትበዪውም።"

"በክርስቲያን ካሳረድሁት ደግሞ ጓዳ ያሉት አይበሉም።"

"ያ ወለቴ፣ በዓሉ ያንተ ነው ወይስ የነሱ?" አለ፤ አማርኛው ሲደናገጥ ሴቱን ከወንዱ ያምታታበታል።

"በዓሉ የጌታ ነው። በጉን ለበዓለ ወልድ ብዬ ነበር ያሰርሁት፤ ባለቤቱ አስቀድሞ መጥቶ ጓዳ ተኝቷል። በል ቢስሚላህህን በል።"

አብዱላሂ አረደ፤ ናፊሳ በራሷ ድስት ቀቀለችው። ዒሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥቶ ተቀመጠና መረቅ ጠጣ። ዘመዶቹ ወሬውን ሰምተው ስለነበር ለውለታዋ አንድ ቅል ሙሉ የግመል ወተት አምጥተው እጇ ላይ አኖሩ። ክርስቲያን የግመል ወተት እንደማይጠጣ የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም። ወለተ ጊዮርጊስ ቅሉን ይዛ፣ ድስቱን አይታ፣ ሳቀች።

"አርባ ምናምን ቀን ጾሜ፣" አለች፣ "በገዛ ቤቴ የምፈታበት አጣሁ!"

ናፊሳ እስክታነባ ሳቀች። በዚያ ታኅሣሥ በዚያ ሰፈር የተሰማው ሳቅ ያ ብቻ ነበር። ከቤቷ አንድ የዶሮ እንቁላል ቀቅላ አመጣችላት፤ ወለተ ጊዮርጊስ የልደትን ጾም በዚያ ፈታች።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ልብሱ ተመልሶ መጣባት። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እኛ ቤት ሄደች። የግቢያችን በር ክፍት ነበር። ነዳያን ከውጭ ተደርድረዋል። በመስኮቱ በኩል ጽዋዋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ታየቻት፤ ራቁቷን ነበረች። እናቴ ከጎኗ ተቀምጣ ታቅፋኛለች። እኔ በቀይ ጥለቱ ልብስ ተጠቅልዬ እስከ አገጬ ተሸፍኛለሁ።

ትርንጎ ሙልሙል ዳቦ እያደለች በሩ ላይ ደረሰች። "እንኳን አብሮ አደረሰን። ከዚያው ሆነሽ ተቀበይ።"

"የሺአረግን ጥሪልኝ፣ እባክሽ። ልብሱን..."

"አሁንም ልብሱ? ሴትዮ፣ ጽዋው ቢሄድ ልብሱን ሙጭጭ አልሽ!" ነዳያኑ ሳቁ። ሙልሙሉን እጇ ላይ ጣለችላት።

ቃሉ ከጥርሷ ደርሶ ነበር። ጮኻ ብትናገር ማኅበሩ በሙሉ ይሰማታል። ዳቦውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ተመለሰች። ናፊሳ እንደምትለኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሥራዋን እየሠራች ወደ መንገዱ ብቻ ታይ ነበር። ዒሴ ድኖ ግመሉን አስነሣ። አንደኛው ኩሊ ሞተ፤ ሌላው ተሻለው። እርሷ መንገዱን ታያለች። ዳቦውን አልበላችውም፤ መደርደሪያው ላይ፣ ጽዋዋ በነበረችበት ቦታ ደረቀ።

የጥምቀት ከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ውሃው ሲወርዱ፣ ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲከተል፣ አባቴ ብቻውን በተቃራኒው መንገድ መጣ። ባርኔጣ አላደረገም። ከሩቅ ስታየው ወለተ ጊዮርጊስ የምታጥበውን ልብስ ለቀቀች።

"ልጅቷ ናት?" አለችው ሳይናገር።

"ሰውነቷ እሳት ሆኗል። ማንንም አታውቅም። ማኅበርተኞቹ ደጄን አይረግጡም፤ ትርንጎ እንኳ..." አጥሩን ያዘ። "አንቺ ታስታምሚያለሽ ይላሉ።"

"አቶ ነጋ፣ ይቆዩ ልንገርዎት። ያ ልብስ አቧራ አልነበረም የነካው። ዒሴን አልብሼው ነበር።"

አባቴ አልገባውም። ቀስ ብሎ ገባው። "እያወቅሽ ሰጠሽኝ?"

"እያወቅሁ።"

"ልጄን የምንጠቀልልበት ልብስ መሆኑን እያወቅሽ?"

"አዎ። ብናገር ታስወጡኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ሜዳ ላይ እንዳልቀር ፈራሁ።"

እጁን አነሣ። ናፊሳ በአጥሩ ላይ ሆና አይታለች፤ ሊመታት ነው ብላ ጮኸች። እጁ አየር ላይ ቆይቶ ወረደ። ከወንዙ በኩል የከበሮው ድምፅ ይመጣል፤ ነፋሱ አንዴ ያቀርበዋል፣ አንዴ ያርቀዋል።

"ማኅበሩን ይተዉት" አለች። "አስወጡኝ። ቀብሬንም ይተዉት። ልጅቷን ብቻ ያሳዩኝ።"

 እርሱ ከፊት፣ እርሷ ከኋላ ሄዱ።

ቤታችን ስትገባ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ "ልብሱ የት ነው?" አለች። አሁንም ለብሼው ነበር፤ እናቴ በረከቱ ያድናታል ብላ ድርብ አድርጋ ጠቅልላኛለች። ወለተ ጊዮርጊስ ከላዬ ገፈፈችው። ለእናቴም እውነቱን ነገረቻት። እናቴ "ያኔ ልገድላት ፈለግሁ፤ እንዳትሄድብኝ ደግሞ ቀሚሷን ጨብጬ ነበር" ትላለች። በርሜል አስጥዳ የቤቱን ጨርቅ ሁሉ አፈላች፣ ጸጉሬን ላጨች፣ በጥጥ ውሃ አጠጣችኝ። በክንዷ ላይ አስተኝታኝ ከደጋ ያመጣችውን የልጅ ማባበያ ታንጎራጉር ነበር ይባላል። ቃሉን እናቴ አልያዘችውም፤ እኔም አላስታውሰው።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። በሦስተኛው ጠዋት ዓይኔን ገልጬ ዳቦ ጠየቅሁ። ወለተ ጊዮርጊስ ልትነሣ ብላ ግድግዳውን ያዘች፤ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር።

አባቴ በራሱ አልጋ ላይ አስተኛት። ናፊሳ ስድስቱን ልጆቿን ለአማቷ ትታ መጥታ ከእናቴ ጋር አስታመመቻት። አእምሮዋ ሲመለስላት ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ "የት ነው የምታደርጉኝ?" አባቴ "ቤተ ክርስቲያን" ሲላት አታምነውም። ተመልሳ ትጠይቃለች። የማኅበሩ ቄስ ከደጅ ሳይቀሩ ገብተው አናዘዟት፤ ስለ ልብሱም ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። ጥር ሳይወጣ አረፈች።

በቀብሯ ቀን ነፋሱ አልበረደም ነበር። ማኅበርተኞቹ መጥተዋል፤ ግን ከቤታችን ማዶ፣ ከዛፉ ሥር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ቃሬዛ አራት ሰው ይፈልጋል። አባቴ ከፊት ያዘ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አብዱላሂ ጋሪውን አቁሞ መጣና ከጎኑ ገባ። ከወንዙ በኩል ዒሴ ከወንድሙ ጋር መጣ፤ ዱላቸውን ለናፊሳ ሰጥተው የኋላውን ያዙ። ማኅበርተኞቹ ከሩቅ ተከተሉ።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ሦስቱ ቆሙ። ከዚህ ማለፍ እንደሌለባቸው ያውቃሉ። አባቴ ወደ ኋላ ዞሮ ዛፉ ሥር የነበሩትን አየ፤ ቃሬዛውን የሚረከብ ሦስት ክርስቲያን ፈለገ። ትርንጎ መሬት መሬት አየች። ቃሬዛው ከብዷል። የዘገዬ የድንጋይ ክምር ያን ጊዜ ከቅጥሩ በር ሩቅ ያለ አይመስልም ነበር።

ቄሱ ከውስጥ መጡ። ሸካሚዎቹን አዩ፤ ማዶ የቆሙትን አዩ።

"ጫማችሁን አውልቁና ግቡ" አሉ።

አወለቁና ገቡ።

ጽዋው ዛሬም በዚያው ማኅበር ይዞራል። ተራው በሚቀየርበት ጊዜ ሁሉ፣ ጸሎት ከመጀመሩ በፊት፣ እናቴ ያን ልብስ በሁሉም ፊት በፈላ ውሃ ትቀቅለዋለች፤ እስኪደርቅ ጽዋው በጠረጴዛው ላይ ራቁቱን ይጠብቃል፤ ማንም አይቀመጥም። በኋላ የገቡት አባላት የማኅበሩ የጥንት ሥርዓት ይመስላቸዋል። አንዷ ወጣት ባለፈው ገና "ምሥጢሩ ምንድን ነው?" ብላ አባቴን ጠየቀችው። አባቴ ባርኔጣውን አነሣ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው፤ ሄዶ ልብሱ ለሚፈላበት ምድጃ እንጨት ጨመረ።